ጥርት ያለው ቅጂ

አባቴ በቴሌቪዥን የታየው በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው። የውኃ መሥመር ሠራተኛ ነበር። ዋናው ቧንቧ የፈነዳ ዕለት፣ ጉድጓድ ውስጥ እስከ ወገቡ በጭቃ ተለውሶ፣ ለጋዜጠኛው ሁለት ደቂቃ ያህል ተናገረ። ያን ጊዜ በቤታችን ኮምፒውተር ቀድቼው ነበር፤ ግን የአንቴናው ገመድ ያረጀ ስለነበር ምስሉን ነጭ ነጠብጣብ ወረሰው። አባቴ ካረፈ በኋላ እናቴ ክፍሌ እየመጣች «እስቲ አባትህን ክፈትልኝ» ትለኝ ነበር። በከፈትኩት ቁጥር አፍራለሁ።

ባለፈው ወር ጣቢያው የቆዩ ዘገባዎችን አሰባስቦ እሑድ እንደሚያሳይ፣ የቧንቧውም እንዳለበት ተነገረ። ወፍራም ገመድ ገዛሁ፤ ጣሪያ ላይ ወጥቼ አንቴናውን አዞርኩ፤ የቅጂውን ጥራት ከመካከለኛው ወደ መጨረሻው ከፍ አደረግኩት። አምስት ደቂቃ ሞከርኩት። የዜና አንባቢው ቅንድብ አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ኢንጂነሩ፣ ይኼ ሁሉ መከራ ለሁለት ደቂቃ ነው?» አለች ታላቅ እህቴ መሰላሉን ይዛልኝ።

«አባባን ዕድሜ ልካችንን በጉም ውስጥ እንየው?»

«ለካ አፍ አለህ።»

ቅዳሜ ኮምፒውተሩ ቦታ እንዳነሰው አሳወቀኝ። ዘፈኖቼን ሰረዝኩ፤ አልበቃም። ቀጥሎ የአባባን አሮጌ ቅጂ ሰረዝኩ። ነገ የተሻለው ይመጣል፣ ይኼ ምን ያደርጋል ብዬ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ሳሎን ተቀመጥን፤ ኮምፒውተሩ እኔ ክፍል ይቀዳል። ፕሮግራሙ በተጀመረ በአንድ ሰዓት ከሩብ አባባ መጣ። እህቴ አለቀሰች። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ነበር።

ሲያልቅ «ከእንግዲህ የእኛ ነው» ብዬ ወደ ክፍሌ ወሰድኳቸው። ቅጂው እንደ መስተዋት ነው። ወደፊት አሳለፍኩት። ጋዜጠኛው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አለ፤ የአባባ ቢጫ ቆብ ጫፍ ብቅ አለ፤ ቅጂው እዚያው ላይ ቆመ። ጥራቱ በጨመረ ቁጥር ቦታ እንደሚበላ አላሰላሁም። ኮምፒውተሩ ሞልቶ ነበር።

«እንግዲያው አሮጌውን ክፈትልኛ» አለች እናቴ።

እጄን ከመዳፊቱ ላይ አነሳሁ።

እህቴ ቀድማ ተረዳች። «የቆጡን አወርድ ብላ...» ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው።

«ነጠብጣብ ነበር እኮ፣ እማዬ» አልኩ። «ፊቱ አይለይም ነበር።»

«ፊቱንማ መች አጣሁት» አለች። «እኔ ድምፁን ነበር የምሰማው። የሚጠፋብኝ እሱ ነው።»

ለጣቢያው ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ሦስት ጊዜ ገልብጬ፣ አንድ ፊደል ሳልስት። እስካሁን መልስ የለም።

እናቴ ከዚያ ወዲህ ክፍሌ አልመጣችም። ቅጂውን አልሰረዝኩትም። ቆቡ ላይ ያለው ጭረት ሳይቀር ይታያል።