የጆሮ ዕረፍት

እህቷ ጎንበስ ብላ አንዱን የጆሮ ማዳመጫ ከሚጣ ጆሮ ነቀለችው።

"ክሩ ከተበጠሰ ቆየ እኮ። ባዶውን ነው የምትሰፊው።"

ሚጣ መርፌው ስር ያለውን እጅጌ አየችና ሳቀች። ሁለቱም በአንድ ፋብሪካ ልብስ ሰፊዎች ናቸው፤ ማሽኖቻቸው ጎን ለጎን ናቸው። ማሽኖቹ ሁሉ አብረው ሲንጫጩ ዘፈኑ አልሰማ ስለሚላት፣ ሚጣ ድምፁን እስከ ጥግ ትከፍተዋለች። ማታ ማታ ጆሮዋ ጭው ይላል፤ ቁብ አልሰጠችውም ነበር።

የዚያን ዕለት ራት ላይ አባታቸው አንድ ነገር አሉ። ጉሮሯቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆኗል፤ ቀልዳቸው ግን አልቀነሰም። እናቷና እህቷ በሳቅ ፈረሱ።

"ምን አልክ አባዬ?"

ደገሙላት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየች።

"እ?"

"ተይው፣ ያን ያህልም አያስቅም" አሉ ጮክ ለማለት እየታገሉ።

እህቷ ናት በኋላ የነገረቻት፦ "'እናታችሁ ዕድሜ ልኳን ዝም በል ስትለኝ ያልሆነላትን ሐኪሙ በአንድ ቀን አሳካው' ነው ያለው።" ሚጣ ሳቀች፤ ግን ከአባቷ አፍ አልሰማችውም። ያ ቆጫት።

በሳምንቱ ሚጣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሟ መርምራት ስታበቃ ወንበሯን ሳበች።

"ጩኸትን በጩኸት ነው የምትሸፍኚው። ሁለቱንም የሚሸከመው ጆሮሽ ነው።"

"ዘፈን ልተው ማለት ነው?"

"ማን ተይ አለሽ? ሥራ ላይ የጆሮ መድፈኛ አድርጊ። ዘፈኑን ጸጥ ያለ ቦታ፣ ድምፁን ከግማሽ ሳታሳልፊ፣ እያረፍሽ ስሚ። አሁን ጆሮሽ ደክሟል እንጂ አልሞተም። ከሞተ ግን አይመለስም።"

ሚጣ እንደተባለችው አደረገች። የጆሮዋ ጭው ማለት ቀስ በቀስ ለቀቃት። አንድ ምሽት አባቷ ስለ ጎረቤታቸው አዲስ ጫማ ሲያንሾካሹኩ ከሁሉም ቀድማ የሳቀችው እሷ ነበረች። አባቷ ዞር ብለው አዩዋትና ሌላ ጨመሩ።

ቅዳሜ እህትማማቾቹ ከሥራ ሲመለሱ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር። ሞተሩ ያጓራል። ሚጣ በጣም የምትወደው ዘፈን ጀመረ፤ አልሰማ አላት። አውራ ጣቷ ድምፅ መጨመሪያው ላይ አረፈ። ትንሽ ቆየችና ማዳመጫዎቹን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

"ባትሪ አለቀ?" አለቻት እህቷ።

"አላለቀም። ቤት ስንደርስ እሰማዋለሁ።"