ትርፍ ጨርቅ

ነርሷ ጥያቄውን ደገመችው፤ የልጅቷ ልብስ መጥበብ የጀመረው መቼ ነው?

"ጠቧት አያውቅም፣ ሲስተር" አለች እናትየው። ልብስ ሰፊ ናት። የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ሚጡ በባዶ እግሯ ሚዛን ላይ ቆማለች፤ ዩኒፎርሟ እናቷ ክንድ ላይ ተጣጥፏል። ሚዛኑ ሃምሳ ስምንት ይላል።

ከመጠን በላይ የወፈሩ ልጆች የሚታከሙበት ፕሮግራም እስካሁን ሁለት አውቶቡስ ተይዞ የሚደረስበት ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ብቻ ነበር። በዚህ ወር ሰፈራቸው ጤና ጣቢያ ድረስ መጣ ሲባል እናትየው በደስታ የምትሆነው ጠፍቷት ነበር። ቦታው ግን ለሃያ ልጅ ነው፤ የመጣው ዘጠና። ቅድሚያ የሚያገኘው ክብደቱ ዓመት ሙሉ እየጨመረ ለመምጣቱ መዝገብ ያለው ነው። ሚጡ ካርድ ላይ ደግሞ ከክትባቷ ወዲህ የተጻፈ ነገር የለም።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ እናትየው አላጣችውም። በየሁለት ወሩ፣ ልጅቷ ከእንቅልፏ ሳትነቃ፣ የዩኒፎርሙን ጎን ተርትራ ከውስጥ ካለው ትርፍ ጨርቅ ትለቅላታለች። ልጄ ጠበበኝ ብላ እንዳትሳቀቅ ብላ ነው። እጇ ከመልመዱ የተነሳ የልጅቷን መወፈር እናትየው ራሷም ረሳችው ማለት ይቻላል።

ዩኒፎርሙን ገልብጣ ነርሷ ፊት ዘረጋችው። የተተረተሩት ስፌቶች የመርፌ ቀዳዳ ጎን ለጎን ተሰልፏል፤ ሰባት መስመር።

"አንዱ መስመር ሁለት ወር ነው። እንደ መዝገብ ቁጠሪልኝ።"

ነርሷ በጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው። "ይገባኛል፤ እኔም እናት ነኝ። ግን ቀን የለው፣ ኪሎ የለው፤ ምን ብዬ ልጻፈው? ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ ትመዘን፤ የዛሬ ዓመት መዝገብ ይኖራታል።"

"እስከዚያስ?"

ነርሷ ሚጡን ተጠባባቂዎች ዝርዝር ላይ ስልሳ አራተኛ አድርጋ ጻፈቻትና ቀጣዩን ልጅ ጠራች።

ዳገቱን ሲወጡ ሚጡ ሦስት ጊዜ ቆማ አረፈች። እናቷ ቦርሳዋን ከመቀበል በቀር የምታደርግላት አልነበረም።

ስፌት ቤቱ እንደደረሱ ሚጡ የዩኒፎርሟን ጎን ያዝ አድርጋ ጠየቀች።

"እማ፣ ነገም ትተረትሪዋለሽ?"

"ማን ነገረሽ?"

"ስትተረትሪው መቀሱን እሰማለሁ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

እናትየው ዩኒፎርሙን ከውስጥ በኩል በጣቷ ዳሰሰች። የሚለቀቅ ጨርቅ አልቀረም። ቢቀር ኖሮም ዛሬ መቀሱን አታነሳም ነበር።

የሰፈሩን ሰው ሁሉ ለክታለች፤ ልጇን ግን ሁልጊዜ በዓይን ግምት ነበር የምትሰፋላት። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች።

"ነይ፣ እጅሽን አንሺ።"

ወገቧን ለካቻት። ቁጥሩን ሳትደብቅ ነገረቻትና የደንበኞች ልክ የሚጻፍበትን ደብተር አዲስ ገጽ ገለጠች። ከዚያ እርሳሱን ለሚጡ ሰጠቻት።

"ራስሽ ጻፊው" አለቻት። "መጀመሪያ ቀኑን።"