ሰላምታ ያልተመለሰለት ሳጥን

ስለ ባለ ሁለት ራሷ አህያ የነገርኳችሁን እርሱት፤ እሱ ለጨዋታ ነበር። ይሄኛው ግን ከራሱ እስከ ጭራው እውነት ነው። ከዋሸሁ ምላሴ ይቆረጥ።

የምሠራው ውሃ በጠርሙስ በሚታሸግበት ፋብሪካ ነው። ጥበቃ ነበርኩ። የኮምፒዩተር ባለሙያው ሥራ ሲለቅ ግን «ይሄ ሰውዬ ቢያንስ ማንበብ ይችላል» ተባለና የኮምፒዩተሩ ክፍል ቁልፍ ተሰጠኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ ስለተማርኩት ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። የኮምፒዩተሩ ክፍል ከሽንት ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ጠረኑን አልነግራችሁም፤ በረሮዎቹ እንኳን አፍንጫቸውን ይዘው ነው የሚያልፉት።

እዚያ ውስጥ አንድ የብረት ሳጥን አለ። ሳጥኑ አንድ ይሁን እንጂ ሆዱ ውስጥ ሶፍትዌር የፈጠራቸው ሁለት ኮምፒዩተሮች ለየብቻ ይሠራሉ። አካል የላቸውም፣ ሥራ ግን አላቸው፤ የሥራ አስኪያጃችን ተቃራኒ ናቸው። አንደኛው ጠርሙስ መሙያውን ያንቀሳቅሳል፣ ሁለተኛው የላብራቶሪውን ውጤት ይይዛል። የሚታዘዙት ስክሪኑ ላይ በሚከፈት ጥቁር መስኮት ነው። ሥዕል የለው፣ ጌጥ የለው፤ መስመር ትጽፍለታለህ፣ መስመር ይመልስልሃል። «አቁም» ስትለው ባለበት ይደርቃል። «ቀጥል» ስትለው ካቆመበት ይነሳል። «ግደል» ካልከው ግን አፉ ውስጥ ያለውን እንኳን ሳይውጥ ይሞታል። አንድ አመል ደግሞ አለው፦ መስኮቱ ሲከፈት ቀድሞ ሰላም የሚለው እሱ ነው፤ ሰላምታውን ካልመለስክለት የፈለግከውን ብታዝ አይሰማህም። ባለሙያው ይህን ሁሉ በወረቀት ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጥፎልኛል።

የዚያን ቀን ጠዋት አክስቴ እየሮጠች መጣች። አክስቴ የላብራቶሪ ሠራተኛ ናት።

«አንተ ቀጣፊ፣ ኮምፒዩተሩን ምን አደረግከው? ውጤቱን ሳስቀምጥ ቀጥ ብሎ ቀረ!»

«የምን ውጤት?»

«የትልቁ ታንከር። ዛሬ ንጋት ላይ ገና ተከፈተ እኮ። ግድግዳው ንፍጥ በመሰለ አረንጓዴ ነገር ተለብጦ ነበር። አይጥ ነበረችበት፤ ነበረች ነው የምልህ፣ አሁን ፀጉሯ ብቻ ነው የቀረው።»

ያንን ውሃ ስምንት ወር ጠጥቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ውሃችንን የጠጡ ሰዎች ሆዳቸውን ታመው ተቆጣጣሪ ልትመጣ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ታንከሩን አሳጥቦታል፣ የአክስቴን ናሙናም በገዛ እጁ ቧንቧ ውስጥ ደፍቶታል። ለተቆጣጣሪዋም ደውሎ «የላብራቶሪዋ ሴት ምርመራ ሳታደርግ ነው ውሃውን ያሳለፈችው» ብሏታል። ማስረጃው የቀረው ያ የደረቀው ኮምፒዩተር ጉሮሮ ላይ ብቻ ነው፤ አልተዋጠም፣ አልተተፋም። ቢገደል የሕዝቡ ሕመም በሙሉ አክስቴ ራስ ላይ ነው። መጨረሻዋ እስር ቤት።

ለምን ደረቀ? ዲስኩ ሞልቶ ነዋ። በምን ሞላ? በእኔ የትግል ፊልሞች። ይህን ለአክስቴ ልነግራት አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ ገባ።

ሠራተኛው «አይመልሴ» ነው የሚለው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በር ሲገባ ለአንድ ሰው እንኳን ሰላምታ መልሶ አያውቅም። ጥርሱን በጥፍሩ እየጎረጎረ፣ ያወጣውን እያየ፣ መልሶ እየበላው ነው የሚመጣው።

«ደህና አደሩ፣ ጌታዬ?» አልኩት።

«የላብራቶሪውን ግደለው።»

«ሶኬቱን ልንቀለው?»

«ደደብ! መሙያው ይቆማል። እሱን ብቻ ነው።»

«እኔ አልችልበትም።»

ገፍትሮኝ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። በዚያ በምራቅ በራሰ ጣቱ ቁልፎቹን መነካካት ጀመረ። ወረቀቱን አየ። የመጀመሪያው መስመር «አስቀድመህ ሰላምታውን መልስ» ይላል፤ እሱን ዘሎ በቀጥታ «ግደል» ብሎ ጻፈ። ሳጥኑ እምቢ አለ። ደገመው። እምቢ። በቡጢ መታው፤ አንድ በረሮ ወደቀ።

«ምንድን ነው የሚለው?»

እውነቱን ነገርኩት። «መጀመሪያ ሰላምታዬን መልስልኝ ነው የሚልዎት።»

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን የታወቅሁ ውሸታም ነኝ፤ እውነት ከእኔ አፍ ሲወጣ ማን ያምነዋል?

«ለቆርቆሮ ደህና አደርክ ልበል? ትቀልድብኛለህ?» ብሎ ለባለሙያው ሊደውል ወጣ፤ ስልክ እዚያ ክፍል ውስጥ አይሠራም።

በሩ እንደተዘጋ ፊልሞቼን በሙሉ አጠፋሁ፤ አንዱን መጨረሻውን እንኳን ሳላየው። የቁልፎቹን ምራቅ በሸሚዜ ጠረግሁ፤ ሸሚዜን በኋላ አቃጥዬዋለሁ። ሰላምታውን መለስኩለትና «ቀጥል» አልኩት። ቀጠለ፤ የያዘውንም ዋጠ።

«ገብቷል!» አለች አክስቴ ከጎን ወዳለው ላብራቶሪ ሮጣ ስክሪኗን እያየች። «ከነሰዓቱ፣ ከነፎቶው!»

አይመልሴ ላብራቶሪው ውስጥ ሲያገኘን ተቆጣጣሪዋ ከኋላው ነበረች። አክስቴ ስክሪኑን ወደ ተቆጣጣሪዋ አዞረችላት። የአይጧ ፀጉር በማይክሮስኮፕ እንደ ገመድ ወፍሮ ይታያል።

«ውሸት ነው! ውሃችን ንጹሕ ነው!» አለ አይመልሴ።

«እንግዲያው ይጠጡት» አለችው ተቆጣጣሪዋ፤ ከጠዋቱ ምርት አንድ ጠርሙስ ከፍታ ብርጭቆ ሞላችለት።

በአንድ ትንፋሽ ጨለጠው። ከዚያም ጫማዬ ላይ አስመለሰው።

እሺ፣ እሺ። እዚህች ላይ አንዲት ነገር ጨምሬያለሁ። እሱ አልጠጣውም። ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ገፋ አደረገና «እኔ እኮ ይሄን ውሃ ጠጥቼው አላውቅም፤ ከቤቴ ነው የማመጣው» አላት። ተቆጣጣሪዋ ቃል በቃል ጻፈችው፤ ከአክስቴ ውጤት በላይ በማስረጃነት የያዘችው ያንን ነው። ጫማዬ ላይ ያስመለሰው እኔ ነኝ።