የእትዬ ሁለተኛ ፎቶ

ታላቅየዋ ስትታመም መጀመሪያ ያደረገችው ነገር መስታወቶቿን ማስነሳት ነበር። አልጋዋ አጠገብ የቀረችው አንዲት የእጅ መስታወት ብቻ ናት፤ እሷንም የምታያት ቀን ቀን፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነው። በዚያ ብርሃን ፓውደሯን ደራርባ ስትቀባ ቢጫው ቆዳም፣ ከዓይኗ ስር የወረደው ጥቁረትም ይጠፋል። ቢያንስ ለእሷ ይጠፋላታል።

ታናሽ እህቷ ፎቶ አንሺ ናት። በልጅነቷ የእህቷን ቀሚስ ጫፍ ይዛ ስለምትከተል ታላቅየዋ «ጭራዬ» አለቻት፤ ሰፈሩም ተቀበለው። አርባ ዓመት አልፏት፣ ፎቶ ቤት ከፍታ፣ ሙሽራ ሁሉ በሯ ላይ ሲሰለፍ እንኳ ስሟ ጭራዬ ነው። እንግዳ ሲመጣ ታላቅየዋ «እህቴን ተዋወቋት» ብላ አታውቅም። «ይቺ ጭራዬ ናት» ትላለች። ሰው ይስቃል። ጭራዬም አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አንዱንም አልረሳም።

«ነይና አንሺኝ» አለቻት አንድ ቀን። «ስሞት ሳሎን የሚቆመው ፎቶ ነው። ለቅሶ የመጣ ሁሉ ‹እንዲህ አምራ ነው የሞተችው?› ይበል። በሽታዬን አንድ ሰው ካየብኝ ከመቃብር ተነስቼ አንቃለሁ።»

«ማንን?»

«አንቺን ነዋ! ሌላ ማን ስራ ፈት አለ?»

ጭራዬ ዕቃዋን ተሸክማ ሄደች። ታላቅየዋ ተቀብታ፣ ዓይኗን ተኩላ፣ መስኮቱን ከጀርባዋ አድርጋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከመስኮቱ ውጭ በገዛ እጇ የተከለቻቸው ቀያይ አበቦች አሉ። እነሱም እንዲታዩ ትፈልጋለች።

መስኮት ከጀርባ ሲሆን ካሜራ ሁለቱን አይችልም። ፊቱን ካለ ውጭው ነዶ ይነጣል፤ ውጭውን ካለ ፊቱ ይጠቁራል። እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ የጭራዬ ሙያ ነው። መጀመሪያ ብርሃኑን ለአበቦቹ ለካች፤ ቀያቸው ቀይ እስኪሆን ድረስ ካሜራውን አስተካከለች። ከዚያ ፍላሹን ብርሃን ወደሚያለዝበው ነጭ ጃንጥላ አዙራ፣ ጉልበቱን ዝቅ አደረገችው። ፍላሽ ለእሷ እንደ ጨው ነው፤ መኖሩ ከታወቀ በዝቷል።

«እትዬ፣ ፓውደሩን ትንሽ እንጥረገው። መስኮቱ ይታገሰዋል፤ ፍላሽ ግን አይታገስም። እንደ ኖራ ነው የሚያነጣው።»

«ፊቴን ልገልጥልሽ? ለአንቺ? አንሺ ዝም ብለሽ!»

«እሺ፣ በትንሽ ብርሃን አነሳሻለሁ።»

አነሳቻት። ጃንጥላው ለስለስ ብሎ በራ። በካሜራው ጀርባ የወጣችው ሴት ደክማለች፤ ጉንጯም ጎድጎድ ብሏል። ነገር ግን የሰው መልክ አላት፤ ዓይኗ ሕያው ነው፤ አበቦቹም ከትከሻዋ በላይ ቀልተዋል። ጭራዬ ከዚያ በፊት እንደዚያ ያለ ፎቶ አንስታ አታውቅም።

«ተመልከቺው፣ እትዬ።»

«ጥፍር በምታህል መስታወት ራሴን አላይም። ታትሞ ሲመጣ አያለሁ። ደግሞ ብርሃኑ የታለ? ባትሪው ያለቀበት የዘበኛ መብራት ይመስላል! ለሙሽሮችሽ ስታበሪ ሰፈሩ ይደነግጣል፤ ለእኔ ሲሆን ነው የሰሰትሽው?»

«እትዬ፣ ከጨመርኩት…»

«ጨምሪ አልኩ! ጭራ ቀንድን አያዝም።»

ጭራዬ አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ የታዘዘችውንም ያልታዘዘችውንም አደረገች። ጃንጥላውን ነቀለች። ፍላሹን እርቃኑን ፊቷ ላይ ደገነችና ጉልበቱን እስከ መጨረሻ ከፈተችው። የሌንሱን ዓይን አጠበበች፤ በዚህም የመስኮቱ ብርሃን ከጨዋታ ወጣ።

«ዓይንሽን እንዳትጨፍኚ፣ እትዬ።»

ክፍሉ ነደደ።

«እንዲህ ነዋ!» አለች ታላቅየዋ፣ እንባ ያቀረረ ዓይኗን እያሸች። «አሁን ተነሳሁ። ሁለተኛው ይሁን። ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው፣ እትዬ።»

ጭራዬ የካሜራውን ጀርባ አየች። አበቦቹ የሉም፤ ከመስኮቱ ውጭ ሌሊት ሆኗል። ፊቱ ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ነው። ኖራው አገጭ ላይ ሲያበቃ፣ ፓውደር ያልደረሰው ቢጫ አንገት ይጀምራል። ካሜራውን ዘግታ ቦርሳ ውስጥ ከተተችው። አፏን ሞልታ «እንደገና እናንሳ» ልትል ትችል ነበር። አላለችም።

ታላቅየዋ የታተመውን ሳታይ ሞተች።

ጭራዬ ሁለቱንም አሳተመች። መንገድ ላይ «ቃል ቃል ነው» ስትል ነበር፤ ሳሎን ደርሳም ጠረጴዛው ላይ ያቆመችው ሁለተኛውን ነው። የመጀመሪያው በፖስታ ሆኖ ቦርሳዋ ውስጥ ቀረ።

መጀመሪያ የገቡት ጎረቤት እየጮሁ ገብተው፣ ፎቶው ፊት ሲደርሱ ጩኸታቸውን አቋረጡ።

«ውይ! ከሞተች በኋላ ነው እንዴ ያነሷት?»

«ቀስ ይበሉ፣ ይሰማሉ» አለች አብራቸው የገባችው፤ ቀጥላም አፏን በነጠላዋ ሸፍና «ወፍጮ ቤት የዋለች ነው የምትመስለው» አለች።

«ተይ፣ በለቅሶ ቤት አታስቂኝ!»

ጭራዬ ሁሉንም ሰማች። እንደ ማር ጣማት። ሰው ሲስቅ አብራ የሳቀችበት ዘመን ሁሉ ትዝ አላት፤ ዛሬ የሚሳቅባት ሌላ ናት።

የእህቷ ባል በምልክት ወደ ጓዳ ጠራት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ሌላ ፎቶ የለም?»

«የለም፣ ጋሼ። ይሄ ይሁን ያለችው ራሷ ናት።»

«ትላለች፤ ጠባይዋን መች አጣሁት።» ግድግዳውን ተደገፈ። «እኔማ ጥሩ ፎቶ አንሺ ላምጣልሽ ብያት ነበር። ምን አለችኝ መሰለሽ? ‹ሌላው ደስ እንዲለኝ ብሎ ያልኩትን ያደርጋል። እህቴ ግን እምቢ ትለኛለች። እሷ አታዋርደኝም› አለች።»

ጭራዬ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«እህቴ ነው ያለችው?»

«ታዲያ ምን ትበል? አንቺ በሌለሽበት በሌላ ስም ጠርታሽ አታውቅም።»

እጇ ወደ ቦርሳው ዚፕ ሄደ። ግን የለም ብላለች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አሁን ብታወጣው የሚጠየቀው መጀመሪያ ለምን ደበቅሽው ነው። እጇን መለሰች።

ሳሎን ተመልሳ ተቀመጠች። ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ተጫነችው። አዲስ ለቀስተኛ ገቡ፤ ሽማግሌ ናቸው። ፎቶው ፊት ቆሙ፤ ጎንበስ ብለው አዩት፤ ቀና አሉ።

«ምን በድላው ነው እንዲህ ያደረጋት? ማን ነው ያነሳት?»

«እህቷ ናት» አለ ባልየው፣ በእጁ እያመለከተ።

የሳሎኑ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት።