ሰባ የጭቃ ሰዎች

ሰፈሩ «ደመናው» ይለዋል፤ ሲጠሩት አቤት ለማለት ጊዜ ይፈጅበታል። ትምህርቱን ጨርሶ ሥራ ያጣ፣ ከሸክላ ሠሪ አክስቱ ጋር የሚኖር ወጣት ነው። ቦዘነ እንዳይባል ግን ሦስት ወር ሙሉ ከምንጩ ዳር አልጠፋም።

ምንጩ ከቤታቸው ጀርባ ነው። አክስቱ አፈሯን የምትቆፍረው ከዳርቻው፣ ጭቃዋን የምታቦካው በውሃው ነው። ታዲያ አንድ ቀን ከውሃ ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት መጥቶ አጥሩ ላይ ተለጠፈ፤ ምንጩ ስለሞተ በኮንክሪት ይደፈናል፣ ቅሬታ ያለው በሦስት ወር ውስጥ ያቅርብ፣ የመጨረሻው ቀን ሐሙስ ነው ይላል። ውሃው ቀጥኗል፤ የጣት ያህል ነው የቀረው። ሞቷል መባሉ ግን ደመናውን አንገበገበው።

ማመልከቻ ሁለት ጊዜ ጻፈ፤ ሁለቱም የት እንደገቡ አልታወቀም። ያኔ ከምንጩ አፈር ስንዝር ተኩል የሚሆኑ ሰባ ሰዎች መሥራት ጀመረ። እንስራ ያዘለች፣ ልጅ ያቀፈ፣ የደንገል በትር የያዘ ሽማግሌ። በፀሐይ ብቻ ደርቀው፣ ሐሙስ ማለዳ የውሃው መንገድ ላይ ሊሰለፉ ነው። አንዱን ሞክሮት ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ያቆመው ሽማግሌ ረፋዱ ላይ ጉልበቱ ድረስ ሟሟ፣ ቀትር ላይ በትሩ ብቻውን ተንሳፍፎ ሄደ፤ ሽማግሌውን እንደገና ሠራው። የጽሕፈት ቤቱ መሐንዲስ ይህን በዓይኑ ካየ፣ ሰባ ሰው የሚበላ ውሃ ሞቷል ብሎ አይፈርምም። ተስፋው ይኸው ነበር፤ ሌላ አልነበረውም።

አክስቱ አንገትና ጣት እያቃናች ረዳችው። ይሟሟሉ ሲላት ግን ሳቀችበት። ዕድሜዋን እሳት ዳር የፈጀች ሴት ናት፤ ጥሬ ሸክላ ውሃ ውስጥ ማቆም ለእሷ አራስ ልጅን ራቁቱን ብርድ ላይ እንደማስተኛት ነው።

ረቡዕ ደመናው ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ተገትሮ ዋለ። ነገ በጠዋት ና ተባለ። ሲመለስ አክስቱ የሸክላ ቤቱን በር ዘግታ ጠበቀችው። ነገ እኔ አሰልፍልሃለሁ፣ አንተ ሰውዬህን ይዘህ ና አለችው። ፊቷ ጥላሸት ለብሷል፤ ፊቷ ደግሞ መቼ ጥላሸት አጥቶ ያውቃል። እሱም ልብ አላለውም።

በማግስቱ መሐንዲሱን አስከትሎ ቁልቁለቱን ወረደ። ያ ዝምተኛ መንገዱን ሙሉ ለፈለፈ፤ ውሃው ምን እንደሚያደርግ፣ ከእግር ጀምሮ እንዴት እንደሚበላቸው። መሐንዲሱ ሰዓቱን እያየ እህ ይለዋል። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ግን ደመናው ባለበት ቆመ።

ግራጫ መሆን የነበረባቸው ሰዎች ቀይ ናቸው። ሰባውም ቀጥ ብለው ቆመዋል። ውሃው በእግራቸው መሃል እየተሽሎከሎከ፣ አንዳቸውንም ሳይነካ ያልፋል።

አክስቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተነሳች። «አንድም አልተሰነጠቀም» አለችው በሹክሹክታ። «ለማገዶ ቸግሮህ እንደተውከው መች ጠፋኝ፣ አንተ ልጅ? አፍረህ ነው ያልጠየቅከኝ። ያልጋዬን ርብራብ አነደድኩላቸው።»

መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ የአንዱን አናት በእስክሪብቶው ቆረቆረ። እንደ ቃጭል ጮኸ።

«ሙያማ ሙያ ነው፣ እናቴ» አላት። ከዚያ ወደ ደመናው ዞረ። «ውሃው ምን ያደርጋል ነበር ያልከኝ?»

ደመናው አክስቱን አያት። ዛሬ ማታ የምትተኛው መሬት ላይ ነው።

«ቀን ይጨምሩልኝ» አለ።

«ቀኑ ዛሬ ነው፣ ወንድሜ።» ምንጩ ሞቷል የሚለውን ወረቀት ጭኑ ላይ አስደግፎ ፈረመ። ሊሄድ ሲል አክስቱ እንስራ ያዘለችውን መርጣ፣ ውሃዋን አራግፋ ለቢሮዎ ይሁን ብላ ሰጠችው። በብብቱ ይዟት ዳገቱን ወጣ።

«ወደደው አይደል?» አለች።

«ወደደው፣ እትዬ።»

በሚቀጥለው ቀደም ብለህ ንገረኝ፣ ደህና እንጨት እናዘጋጃለን አለችና ለነገ ጭቃ ባልዲዋን ሞልታ ገባች። ደመናው ሽማግሌውን ከውሃው አወጣው። እግሩን በአውራ ጣቱ አሸው፣ አሸው። ጭቃ አልለቀቀም።