በደብር የሚበቅል

«ይኸ ልጅ እዚህ ድንኳን ውስጥ ምን ይሠራል?» አለ ይግዛው፣ ድምፁን ዝቅ ያደረገ መስሎት። የሟች ታናሽ ወንድም ነው። ለቀብር ከዳባት ከመጣ ወዲህ ቁጣው ለአፍታ እንኳ አልበረደለትም። ንፍሮ የዘገኑ እጆች አፍ ሳይደርሱ ቆሙ፤ ጥግ ይዘው ካርታ የሚጫወቱት ጎረምሶች ሳይቀሩ ካርታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቀና አሉ።

«ይኸ ልጅ» የተባለው ደርቤ ነው። ቡይት ራስ ላይ ለቱሪስት በቅሎ ያከራያል። መሪጌታ ሀብተ ሚካኤልን በበቅሎ ወደ ተራራው ይዟቸው የወጣው፣ ገደል ገብተው ሲሞቱም በቃሬዛ ይዟቸው የወረደው እሱ ነው። ከድንኳኑ መግቢያ አጠገብ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከአግዳሚው ጫፍ ተቀምጧል። ውጣ ያለው የለም፤ ከጎኑ የተቀመጠም የለም።

የመሪጌታ ልጅ እስከዳር ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከእናቷ ከሸጊቱ አጠገብ ፍራሽ ላይ ሆና ሁሉንም ትሰማለች። ከጀርባዋ ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«እንዲያው በዚህ በነሐሴ ጭጋግ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ገደል ለገደል ምን ፍለጋ ሄዱ?»

«ዕፅ ነዋ። ያ ብራና ነው የበላቸው።»

«ኧረ ብራናው ምን ያድርግ! ሽማግሌ ሰው አፋፍ ላይ ትቶ የሚሄድ በቅሎ ጫኝ ነው የበላቸው እንጂ።»

እስከዳር ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። አባቷን የበላቻቸው እሷ ናት። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አልመሰላትም፤ እዚያ ተቀምጣ የማታውቃቸው ሴቶች ሳይቀሩ «እግዜር ያጥናሽ» ሲሏት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ብራናውን መሪጌታ የወረሱት ከአስተማሪያቸው ነው። ማን እንደ ጻፈው፣ ማን እንደ ሣለው የሚያውቅ የለም። በየገጹ አንዳንድ ተክል ተሥሎበታል፤ የተክሎቹ ስም ግን በቢላ ተፍቋል። «መድኃኒቱን ሌላ ሰው እንዳያውቅበት ያደረገ ምቀኛ ነው» ይሉ ነበር መሪጌታ እየሳቁ። «ምቀኛውም ሞተ፣ እኛም ሳናውቀው ልንሞት ነው።» ከማስተማር በተረፋቸው ጊዜ ሁሉ ብራናውን ታቅፈው በየመስኩና በየወንዙ ዳር ስም ፍለጋ ይዞራሉ። ይኸ ጦስኝ ነው፣ ያ ቀጠጥና፣ ይኸኛው ደግሞ ከነእሾሁ ኮሸሽላ። አንዱን ባወቁ ቁጥር ትንሿን እስከዳርን ይጠሩና ቅጠሉን ከሥዕሉ አጠገብ በጣቷ ያስይዟታል። «አየሽው?» ይላሉ። «አየሁት፣ የኔታ» ትላለች። እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የምትላቸው፤ አባባ ብላቸው አታውቅም። ዛሬ ጎንደር ውስጥ ስለ ዕፀዋት የምታስተምረው፣ ደመወዝ የምትበላው፣ በዚያች ጣት ነው።

አንድ ገጽ ብቻ አልፈታ አለ። ጫፉ እንደ እባብ የተጠቀለለ፣ ቅጠሉ ላይ ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች የተደረደሩበት፣ አበባ የሚባል ያልተሣለለት ነገር ነው። እስከዳር በልጅነቷ እባቡን ስለምትፈራ ያ ገጽ ሲገለጥ ዐይኗን ትጨፍን ነበር። ከሥዕሉ ግርጌ ፋቂው የዘነጋው አንድ ሐረግ ቀርቷል፤ «ዘይበቍል ውስተ ደብር»፤ በደብር የሚበቅል።

መሪጌታ የደወሉላት የፈተና ወረቀት ስታርም ነው። ዘመናዊውን ስልክ የገዛችላቸው ራሷ ናት፤ ፎቶ መላክ ከለመዱ ወዲህ ግን ያገኙትን ቅጠል ሁሉ እየላኩ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተዋታል። «አገኘሁት» ማለትም ልማዳቸው ነው።

«እስኬ፣ የእባቡን አገኘሁት መሰለኝ። ልኬልሻለሁ፤ አየሽው?»

ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ ተመለከተች። ፎቶው አልወረደም። ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይንቀራፈፋል፤ የሚታየው ግራጫ ብዥታና ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ብቻ ነው። እሱን ነክቶ መጠበቅ ነበረባት። የእባቡን ገጽ ደግሞ ስንት ዓመት ታውቀዋለች!

«አይቼዋለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያስ? አይደለም?»

«አይደለም።»

«እኔማ ደብር ያለው ይኸው የእኛው ደብር፣ ቤተ ክርስቲያኑ መስሎኝ…»

«ደብር በግዕዝ ተራራ አይደል እንዴ? ያስተማሩኝ እርስዎ! ከፍታ ላይ የሚበቅል ነው፤ ከቡይት ራስ በላይ፣ ገደሉ አካባቢ ይፈልጉት።»

ገደሉን የጨመረችው ነገሩ የበለጠ እርግጠኛ እንዲመስል ብላ ነው፤ ቶሎ እንዲዘጉላት። «እንግዲህ አንቺ ካየሽው» አሉና ዘጉ።

የሣልስቱ ዕለት ጸሎቱ አልቆ ሰው ሲበተን፣ እስከዳር አባቷ ከቅዳሴ በኋላ ወደሚቀመጡበት ጥግ ሄደች። ፀሐይ የማያገኘው የቤተ ክርስቲያኑ የድንጋይ ግድግዳ ነው። ግንባሯን አስደግፋ ማልቀስ ፈልጋ ነበር። እንባ ግን እምቢ አላት። ዐይኗን ስትገልጥ ከሁለት ድንጋዮች ስንጥቅ መሐል ለጋ አረንጓዴ ነገር ወጥቷል፤ ጫፉ ተጠቅልሏል። አንዱን ቅጠል ገለበጠችው። ከጀርባው ዝገት የመሰሉ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል።

ፈርን የሚባለው የጥላ ተክል ነው። በየዓመቱ ለተማሪዎቿ «አበባ የላቸውም፤ ዘራቸውን የሚይዙት ከቅጠሉ ጀርባ ነው» እያለች ታስተምራለች። ሠዓሊው የሣለው የቅጠሉን ጀርባ ኖሯል። እባቡም እባብ አልነበረም።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናቷ በእጇ የያዘችውን አየች።

«ይኸ ነው?»

«ይኸ ነው፣ እማዬ። ከተራራው አይደለም። ከሚቀመጡበት ግድግዳ ላይ ነው።»

«ስልኩን አስጩኸው ነበር የሚያወሩሽ፤ እኔም ድምፅሽን እንድሰማ» አለች ሸጊቱ። «ሰምቻለሁ።»

እስከዳር ባለችበት ቆመች። «ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?»

«ባሌን ቀበርሁ። ልጄን ደግሞ ለሰው አፍ ልስጥ? አንቺም ዝም በይ። ደርቤ ወንድ ነው፤ ይችለዋል።»

ምሳ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌዎች በድንኳኑ መሐል ተቀመጡ። ያስቀመጣቸው ይግዛው ነው። ደርቤ ጥፋቱን ካላመነ ሊከሰው፣ ከበቅሎ ሥራውም ሊያስነሣው ቈርጧል። ከዚህ በኋላ ማን ሽማግሌውን፣ ማንስ ቱሪስቱን አምኖ ይሰጠዋል?

«ለምን ትተሃቸው ሄድህ?» አለው ይግዛው።

«በቅሎዋ ጭጋጉን ፈርታ አልራመድ አለች። ‹አንተ እዚህ ያዛት፤ እኔ አፋፉን አይቼ እመለሳለሁ› አሉኝ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ የኔታን እንዴት ብዬ እምቢ እላለሁ?»

«ከገደሉ ላይ አለ ብሎ ያወጣቸውስ ማን ነው? አንተ አይደለህም፣ ኪራይ ፍለጋ?»

ደርቤ ቀና አለ። ዐይኑ ከእስከዳር ዐይን ተጋጨ፤ ወዲያው ወደ ባርኔጣው አቀረቀረ።

«እኔ እንጃ» አለ።

ያን ጊዜ ነው ማወቁ የገባት። ያውቃል፤ እያወቀ ነው ይህን ሁሉ ቀን ብቻውን የተቀመጠው። ከፍራሹ ተነሣች። እናቷ የቀሚሷን ጫፍ ጨበጠች፤ እስከዳር ጎንበስ ብላ ጣቶቿን ቀስ አድርጋ አላቀቀቻቸው።

«እኔ ነኝ የላክኋቸው፣ ጋሼ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «በስልክ። ከቡይት ራስ በላይ፣ ገደሉ አካባቢ ይፈልጉት ያልኋቸው እኔ ነኝ። የነበረው ግን እዚሁ፣ ደብሩ ውስጥ ነው።» የጠወለገውን ቅጠል ዘረጋች። የተቀበላት የለም። ይግዛው ዱላውን እንኳ ሳያነሣ ከድንኳኑ ወጣ።

እስከዳር ወደ ፍራሹ አልተመለሰችም። መግቢያው ዘንድ ሄዳ፣ ማንም ባልተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ከደርቤ ጎን ተቀመጠች።

«ለምን አልተናገርህም?»

«ምን ብዬ?» አለ ደርቤ፣ ዐይኑ እንባ አቅርሮ። «መንገዱን ሙሉ አንቺኑ ሲያነሡ ነው የወጡ። ‹እኔ ሌላ መስሎኝ ነበር፤ ልጄ ግን አይታ ነው የነገረችኝ፤ የእኔ ዐይን ደክሟል› ይላሉ። ደስ ብሏቸው ነበር እኮ፣ እስከዳር። በዚህ ላይ እንዴት አፌን እከፍታለሁ?»

አይታ። ይህችን ቃል አሁን በሰው ፊት ስትናዘዝ እንኳ ደብቃታለች። ስልኳን አወጣች። ግራጫው ብዥታ ከነቀስቱ ዛሬም እዚያው ነው፤ ከሥሩ «አየሽው?» ይላል። ከሞታቸው ወዲህ ልትነካው ፈርታ ስትሸሸው ሰንብታለች።

ነካችው።

ፎቶው ቀስ እያለ ጠራ። የእባቡ ገጽ ነው። ከሥዕሉ አጠገብ፣ ከግድግዳው የተነቀለ አፈር ያልተራገፈለት የፈርን ቅጠል ተቀምጧል፤ ነጠብጣቡ እንዲታይ በጀርባው ተገልብጦ። ጥፍሩ ቀለም የጠገበ አንድ አውራ ጣት ቅጠሉ እንዳይጠቀለል ጠርዙን ይዞታል።

ቅጠሉን አግኝተውት ነበር። አግኝተው፣ ይኸው ነው ብለው አሳይተዋት፣ እሷ አይደለም ስላለች ነው ጥለውት የሄዱት።

እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። ደርቤ ባርኔጣውን ያሽከረክራል። ስክሪኑ ሊጨልም ሲል እስከዳር አውራ ጣቷን አንሥታ በአባቷ አውራ ጣት ላይ አሳረፈች።

«አየሁት፣ የኔታ» አለች።