ይሻው የጠበቀው ፈቃድ

እንቁረብ ያለው እኮ እሱ ነው! እኔ አይደለሁም። ልጆቻችንን ድረን፣ ጎጆ አውጥተን፣ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ አንድ ቀን ከገሳይ ገበያ ስንመለስ፣ «ሸዋዬ፣ እንግዲህ ምን ቀረን? በሰማንያ የተጋባነው ይብቃን፤ አብረን እንቁረብ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ግን አላሳየሁትም። «አሁን ገና ፈጣሪህ ትዝ አለህ?» ብዬ ሳቅሁበት።

እኛ ዘንድ መቁረብ ቀልድ አይደለም። ባልና ሚስት አብረው ከቆረቡ በኋላ መፋታት የለም፤ አንዱ ቢሞት የቀረው ሌላ አያገባም። ይሻው ይህን አሳምሮ ያውቃል። አውቆ ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ ጥቅምት ላይ ሆዴን ያመኝ ጀመር። እህል አስጠላኝ፤ ቀሚሴ ሁሉ ሰፋኝ። ይሻው ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ወሰደኝ። ሐኪሙ መረመረኝና እኔን ደጅ አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ይሻውን ለብቻው አነጋገረው። ይሻው ቆይቶ ወጣ። «ጨጓራ ነው፤ በርበሬ ትተው ብሏል» አለኝ። ያን ዕለት ሳልጠይቀው ነጠላ ገዛልኝ። ለፋሲካ ካልሆነ ነጠላ ገዝቶልኝ የማያውቅ ሰው! «ምን ነክቶህ ነው፣ ሙሽራ አደረግኸኝ እኮ» ብዬ አሾፍሁበት። አልሳቀም።

ሁዳዴ ሲቃረብ፣ «በል እንጂ፣ ለንስሐ አባታችን እንንገር» አልሁት።

«ፈቃዱ ሲሆን» አለኝ።

ጾሙ ገባ፤ ደግሜ ጠየቅሁት። «እግዚአብሔር ሲፈቅድ ነዋ ሸዋዬ» አለና በሬዎቹን ሊያጠጣ ወጣ። ፋሲካ አለፈ፤ አሁንም ያችው ፈቃድ። ኧረ ምን ዓይነት ፈቃድ ናት! ራሱ ያመጣውን ነገር ስሙን ስጠራው ፊቱን ያዞራል።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ መጀመሪያ ሌላ ሴት ጠረጠርሁ። ቀጥሎ ራሴን ጠረጠርሁ። እግዚአብሔር ያልፈቀደው በእኔ ኃጢአት ይሆን እንዴ ብዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ለንስሐ አባታችን ለመምሬ ዓለምነው ተናዘዝሁ። እሳቸውም ስግደት ሰጡኝ። ሆዴን በአንድ እጄ ደግፌ ሰገድሁ። «እመቤቴ፣ የልጅሽ ፈቃድ ምን እንደሆነ ንገሪኝ፤ እኔ ደንቆሮ ነኝ፣ በግልጥ ንገሪኝ» እያልሁ አለቀስሁ። ይሻው በበሩ በኩል ሲያልፍ ያየኝ ነበር።

መልሱ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት፣ በገዛ ቤቴ ነው። መምሬ ዓለምነው ጠበል ሊረጩን መጡ። ጸሎቱን ጨርሰው ሲቀመጡ አላስቻለኝም። «አባቴ፣ እስቲ አንቱ ጠይቁልኝ። እኔስ ታከተኝ» አልኋቸው።

«ይሻው፣ ምን ሆነህ ነው?» አሉት።

«ፈቃዱን እየጠበቅሁ ነው አባቴ።»

«የእግዚአብሔርን ነው የራስህን?»

ይሻው አቀረቀረ። ከዚያ ይንሰቀሰቅ ጀመር። ይህን ሰው እናቱ ስትሞት እንኳ እንዲህ ሲሆን አላየሁትም። «አባቴ፣ እኔ ብቻዬን መኖር አልችልም» አለ። «እሷ ከሄደች በኋላ ከማን ጋር ላወራ ነው? ማን እሳት ሊያነድልኝ ነው? ከቆረብሁ እኮ እስክሞት እንደዚያው ነኝ።»

«ወዴት ነው የምሄደው?» አልሁ። ስቄ ነው ያልሁት፤ ልጆቹ ዘንድ ማለቱ መስሎኝ።

ይሻው ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ይሻው፣ ወዴት ነው የምሄደው?»

መምሬ መስቀላቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። ያኔ ገባኝ።

ወይኔ! መሞቴን የሰማሁት እንዲህ ነው። የምሞተው እኔ፣ የሚያለቅሰው ለራሱ! ያን ሁሉ ወር እያወቀ፣ ሆዴን ይዤ ስሰግድ እያየ ዝም አለኝ። መሞቴ እንኳ ያን ያህል አላንገበገበኝም። ያንገበገበኝ፣ እኔ ገና አጠገቡ እያለሁ እሱ ከእኔ በኋላ የሚኖረውን ኑሮ ሲያስብ መክረሙ ነው።

«ይቅር በይኝ፤ ነገውኑ አብረን እንቆርባለን» ብሎ እግሬ ላይ ወደቀ።

እሺ ልለው ነበር። በማርያም፣ አስሬ ልይዘው ነበር! ሌላ ሴት ምድጃዬ አጠገብ ስትቀመጥ ታየችኝና አንጀቴ አረረ። ግን እመቤቴን ፈቃዱን ንገሪኝ ብዬ ስሰግድ የከረምሁት እኔ ነኝ፤ ሲነገረኝ አልሰማሁም ልል ነው? የፈራ ሰው ጎትቼ ቅዱስ ቁርባን ፊት ባቆም፣ ያ የእኔ ፈቃድ እንጂ የፈጣሪዬ አይደለም።

«ተነሥ» አልሁት። «አባቴ፣ ለታመመ ሰው ለብቻው መቁረብ ይፈቀድ የለ?»

«ይፈቀዳል ልጄ» አሉ። «እሱንስ ይቅር ብለሽዋል?»

አልቅሼ አልቅሼ ሲወጣልኝ ነው «ብየዋለሁ» ያልሁ።

በማግስቱ እሑድ ይሻው ደግፎ ቤተ ክርስቲያን አደረሰኝና እሱ ደጅ ቀረ። ሌሎቹ ባልና ሚስት ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲገቡ እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ተራዬን ጠበቅሁ። ጎረቤቴ ፈንታነሽ ጠጋ ብላ፣ «ይሻውስ? አብራችሁ አልነበር እንዴ የምትቆርቡ?» አለችኝ።

«አይ፣ እሱ ገና ኗሪ ነው» አልኋት።